ቅሬ የሌላቸው ጎረቤቶች

ሰሞኑን ወደ ደሴ ስሄድ ኮምቦልቻ ላይ መሸብኝና አደርኩ። ጠዋት ሐረጎን ከመውጣቴ በፊት ቡና ልቅመስ ብዬ፣ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት አካባቢ ጀበና ጥደው ከሚያፈሉ አንዲት እናት ዘንድ ዱካ ስቤ ተቀመጥኩ። ቦታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንዱ መንገድ ሽቅብ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ሌላው በባቲ አድርጎ ቁልቁል ወደ አፋር ይወርዳል። ኮምቦልቻን ኮምቦልቻ ያደረጋት ይኸው መንታ መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አጠገቤ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ሌላው ተሳቢያቸው ጎሚስታ ቤት የቆመባቸው፣ ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅ ወጣት ረዳት ነው። ልጁ ሰው ሁሉ ስለ ባሕር በር ሲያወራ ሰምቶ ኖሮ ሽማግሌውን ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ አንቱ አሰብ ይሠሩ ነበር አሉ። ሩቅ ነው እንዴ?»

«ምን ሩቅ አለው? ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ዲቾቶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ ከዚያ አሰብ» አሉ በጣታቸው እየቆጠሩ። «መኪናዋን ብቻዋን ብለቃት ትገባ ነበር። መንገዱን ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የምታውቀው።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል! ጎረቤት ተጣላ። ሲጣሉ አልጠየቁን፣ ሲታረቁም አልጠየቁን፣ እንደገና ሲኮራረፉም አልነገሩን።»

ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን ሐረጎን ስወጣም ደሴ ስገባም አልለቀቀኝም። ስለ አገሮች ትብብር ያነበብኩትን መግለጫ ሁሉ ብደምረው የእኚህን ሰው መልስ አያህልም።

እስቲ ዜና የምትከታተሉ ሰዎች፣ «ትብብር» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማችሁ አስቡት። የሁለቱ አገሮች የኢኮኖሚና የቴክኒክ ትብብር ተጠናክሮ ይቀጥላል። ግንኙነታቸው ወደ ላቀ ደረጃ ይሸጋገራል። የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ሁለት ሰዎች በሁለት ባንዲራ መሀል ተጨባብጠው ወደ ካሜራው ያያሉ፤ ዜናው በዚያው ያበቃል። ያ ሰነድ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ፣ ማን እንደሚከታተለው፣ ፈራሚዎቹ የተጣሉ ዕለት ምን እንደሚሆን ጠይቀን እናውቃለን? አናውቅም። እኛ የምንወደው ድግሱን ነው። ሠርጉን በልተን እንነሳለን፣ ትዳሩ የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ወሎ ግን ትብብር ምን እንደሆነ ከማንም መማር አያስፈልገውም። ሌላው አገር እድር የሚለውን እዚህ ቅሬ ይሉታል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተሰባስቦ አብሮ ሬሳ ያነሳል፣ አብሮ ይቀብራል። ቅሬው የሚቆመው ሰው ሁሉ ስለሚዋደድ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ቅሬ ውስጥ በድንበር የተካሰሱ፣ በውርስ የተኳረፉ፣ ሰላምታ ካቋረጡ ዓመታት ያለፏቸው ሞልተዋል። ግን ሕግ አለ። መዋጮው ማንም ባልሞተበት ወርም ይከፈላል። ቀብር የሆነ ቀን የተኳረፈም ይመጣል፤ ካልመጣ ይቀጣል። ገንዘቡ ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ ደግሞ አባላቱ ፊት ይነገራል። ማኩረፍ መብትህ ነው፤ ቃሬዛ አለማንሳት ግን መብትህ አይደለም።

በዚህ ሚዛን የአካባቢያችንን አገሮች እንያቸው።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ስትሆን ከኢትዮጵያ ጋር የነበራት ውል በወረቀት ላይ ሲያዩት ዛሬም ያስቀናል። አሰብ ለኢትዮጵያ ነጻ ወደብ ሆኖ ያገለግል ነበር። ሁለቱም አገሮች የሚገበያዩት በአንድ ብር ነበር። ሶቪየቶች የሠሩት የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያም እዚያው ነበር። የእኛ ሾፌር እነዚያን ዓመታት የሚያስታውሷቸው ጭነት ጠፍቶ ቆሞ ማደር ባልነበረበት ዘመንነታቸው ነው።

የጎደለው የቅሬው ደብተር ነበር። ሁለት ነጻ አገሮች በአንድ ገንዘብ ሲገበያዩ ምንዛሪውን ማን ይወስናል? ዶላሩን ማን ይይዛል? ያልተስማሙ ቀን ማን ይዳኛል? እነዚህ ጥያቄዎች በሁለት የትግል ጓዶች ወዳጅነት ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋን አወጣች። ኢትዮጵያም ከጥቃቅኑ የድንበር ንግድ በቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪና በሌተር ኦፍ ክሬዲት ይሁን አለች። በዚያው ዓመት ግንቦት ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጦርነቱን ያመጣው ገንዘብ ብቻ ነው አልልም፤ እንዲያ ማለት ያን ሁሉ ሟች ማቃለል ይሆናል። ነገር ግን ጓዶቹ ሲጣሉ ጠቡን የሚሸከም ሌላ ምሰሶ አልነበረም። የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ አገሪቱም ሸክሟን ሁሉ ማለት ይቻላል ጅቡቲ ላይ አወረደች።

ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ አስመራ ላይ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ተፈረመ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ቡሬና ዛላምበሳ ተከፈቱ። ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት እንባቸውን ከጠረጉት አንዱ እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። የቡሬ መከፈት ለኮምቦልቻ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ሰው ባያለቅስ ነው የሚገርመው። ሆኖም ጉምሩኩ በምን ይሠራል፣ ምንዛሪው እንዴት ይሆናል፣ ጭነት መኪናው በየትኛው ኢንሹራንስ ይሻገራል የሚለውን ማንም ለሕዝብ ሳያስረዳ ነበር በሩ የተከፈተው። ዓመቱ ሳያልቅ በሮቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ለምን እንደተዘጉም ደህና አድርጎ የነገረን የለም። በእቅፍ የተከፈተ በር በኩርፊያ ይዘጋል፤ ጠባቂው ፍቅር ብቻ ስለሆነ።

«ይሄ የድሃ አገር ዕጣ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እንግዲያውስ ድሃ አገር ልጥቀስ። ላኦስ እንደ እኛ ወደብ የላትም። ጎረቤቷ ታይላንድ ናት፤ አብዛኛውን ድንበራቸውን የሚለየው ሜኮንግ የሚባለው ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻና በ1988 መጀመሪያ ሁለቱ አገሮች በድንበር ይገባኛል ተዋግተዋል። ሰው ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 ግን ሜኮንግ ላይ በአውስትራሊያ ገንዘብ የተሠራ ድልድይ አብረው መረቁ። ልብ በሉ፣ ከጦርነቱ እስከ ድልድዩ ስድስት ዓመት ነው። በመሀሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ቻይና፣ ቬትናም፣ ላኦስ፣ ካምቦዲያ፣ ታይላንድና ማይንማር በእስያ ልማት ባንክ አስተባባሪነት አንድ ማዕቀፍ ውስጥ ገቡ። እነዚህ ደግሞ ሲዋደዱ የኖሩ እንዳይመስሏችሁ። ቻይናና ቬትናም እ.ኤ.አ. በ1979 ተዋግተዋል። የቬትናም ጦር ካምቦዲያን ለቆ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር።

ታዲያ ምን አወሩ? ስለ ወንድማማችነት ብዙ አላወሩም። የየትኛው መንገድ ስፋት ከየትኛው ጋር ይገጥማል፣ መብራቱ ከማን ወደ ማን ይሸጣል፣ ጭነት መኪና ድንበር ላይ ስንት ጊዜ ይፈተሻል የሚለውን ነበር የሚያወሩት። እንዲህ ያለ ወሬ ቴሌቪዥን ላይ አያምርም፤ እንባም አያስፈስስም። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ሁለተኛው የሜኮንግ ድልድይ ላኦስን አቋርጦ ታይላንድን ከቬትናም ወደቦች ጋር አገናኘ። ላኦስ ዛሬም ባሕር የላትም፤ የሌሎች መተላለፊያ ግን ሆናለች። መተላለፊያ የሆነ አገር ደግሞ ሲዘጋ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። ጎረቤቱም ይጮሃል።

እስያ ሁሉ እንዲህ ነው አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ1985 ዳካ ላይ የተቋቋመው የደቡብ እስያ አገሮች ማኅበር፣ ሳርክ የሚባለው፣ ሕንድና ፓኪስታን በተኳረፉ ቁጥር አብሮ ይታመማል። መሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ካትማንዱ ላይ ከተሰበሰቡ ወዲህ አንድ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። የሜኮንጎቹም ቢሆኑ መላእክት አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ታይላንድና ካምቦዲያ በመድፍ ተታኩሰው ኬላዎቻቸውን ዘግተዋል። ድልድይ ጦርነትን ያስቀራል የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ጠብ የማይቀር ከሆነ፣ ጠቡ ሲመጣ ምን ምን ሳይቋረጥ መቀጠል እንዳለበት አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ኢጋድ የሚባለው ድርጅት የተወለደው በ1978 ዓ.ም. በጅቡቲ፣ በ77ቱ ድርቅ ማግስት ነው። መጀመሪያ የተቋቋመው ድርቅን ለመቋቋም ነበር። ያ ድርቅ ማንን እንደፈጀ ለወሎ ሰው መንገር አያሻም። የዚህ ትልቅ ቅሬ መነሻ የእኛው ሬሳ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ኢጋድ ምን እየሠራ እንደሆነ ኮምቦልቻ ላይ ሰው አቁማችሁ ብትጠይቁ ግን «የመሪዎች ስብሰባ ነው» ከማለት ሌላ የሚመልስላችሁ አታገኙም። አባል አገር ሲያኮርፍ ይወጣል፣ ሲለው ይመለሳል። ቅጣት የሚባል ነገር የለም።

ፖለቲካውን እንተወውና ፖለቲካ የማያውቀውን አንበጣ እንይ። የበረሃ አንበጣ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበርራል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል፤ በአንድ ቀን 35 ሺህ ሰው የሚበላውን ያህል ይበላል። ቪዛ አይጠይቅም። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ይህን ድሮ ተረድተው እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈራርመው የጋራ የአንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት አቋቁመዋል። አውሮፕላኑ የጋራ፣ ባለሙያው የጋራ፣ መረጃው የጋራ። እንዴት ያለ ግሩም ቅሬ ነው!

ችግሩ ምን መሰላችሁ? አንበጣ ለብዙ ዓመት ሲጠፋ አባላቱ መዋጮ መክፈል ይሰለቻቸዋል። ማን ሞቶ ነው የምንከፍለው ይላሉ። ውዝፉ ይከማቻል፣ አውሮፕላኑ ያረጃል፣ ባለሙያው ሌላ ሥራ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች የዓረቢያን በረሃ በዝናብ አራሱት። አንበጣው ሰው በማያየው ቦታ ተራባ፤ ጦርነት ላይ የነበረችው የመን ልታቆመው አልቻለችም፤ ባሕሩን ተሻገረ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የወሎ ማሽላና ጤፍ ሊታጨድ ሲል ሰማዩ ጠቆረ። ገበሬው ሚስቱንና ልጆቹን አሰልፎ ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ሲከላከል አይተናል። በምሥራቅ አፍሪካ ደረጃ የተቋቋመ የአየር መከላከያ ኖሮን፣ መጨረሻ ላይ የቀረን ቆርቆሮ ነበር። ያልተከፈለ መዋጮ ማለት ይህ ነው። ኪሳራው የሚጻፈው በፈራሚዎቹ ስም ሳይሆን በገበሬው ጎተራ ላይ ነው።

ደግሞ የምንችለውን ነገር አለመናገር ኃጢአት ይሆንብኛል። ከጅቡቲ ጋር የዘረጋነው የኤሌክትሪክ መስመር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይሠራል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲን ባቡር የሚያስተዳድረው ኩባንያ የሁለቱም አገሮች ነው፤ 75 በመቶው የእኛ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ። ወደ ኬንያም እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ መብራት እየሸጥን ነው። እነዚህ በውል፣ በቆጣሪና በደረሰኝ የሚሄዱ ናቸው። ሚኒስትሮቹ ቢኮራረፉ እንኳ ቆጣሪው መቁጠሩን አይተውም። ስለዚህ አንችልም የሚባል ነገር የለም። የምንችለው ግን ሒሳቡን ስንጽፍ ብቻ ነው።

ኮምቦልቻን ተመልከቷት። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ቻይናዎች የሠሩት የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀባት። ከአዋሽ ተነስቶ በእሷ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰውን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ባቡር የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም. ጀመረው፤ የተዋዋሉት በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሐዲዱ ኮምቦልቻ ደረሰ፣ የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ሲጠበቅ ጦርነት ደረሰ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ፤ በኅዳር መጨረሻ እስኪለቀቁ ፋብሪካው ተዘረፈ፣ ፈረሰ። ያ ደግሞ ከውጭ አገር ጎረቤት ጋር የተደረገ ጠብ አልነበረም። እዚሁ ቤት ውስጥ ነው።

አያችሁ፣ ቱርክን ከሩቅ አምጥተናል፣ ቻይናን አምጥተናል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያልን የምንተርት ሰዎች፣ የሩቁን ዘመድ ስናስተናግድ የቅርቡን ጎረቤት አጥር ስንነቀንቅ እንገኛለን። በ2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ ሲባል ሶማሊያ ተቆጣች። ሁለቱ ጎረቤታሞች ተቀምጠው ለመነጋገር በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንካራ ድረስ መሄድ ነበረባቸው። ሽማግሌ ከሩቅ ማምጣት ነውር የለበትም። ነውሩ ቅርብ ሽማግሌ ማጣት ነው።

ይህን ሁሉ ለባለሥልጣናት ብቻ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ለእኛም ነው። የአሰብ ነገር ሲነሳ እንዴት እንደምናወራ ታዘቡን። ኳስ ጨዋታ ይመስላል። ግማሹ «እንወስዳለን» ይላል፣ ግማሹ «ሰጥተውን ነበር» ይላል። ከወዲያ ማዶ ያለውም የራሱን ይፎክራል። የወደብ ኪራዩ ስንት ቢሆን ያዋጣል? ቡሬ ላይ አንድ መኪና ስንት ሰዓት ይቆማል? ማን ይዳኘን? የሚል ጥያቄ ያነሳ ሰው «ነጋዴ ነህ እንዴ?» ይባላል። ፉከራውን የሚፎክረው አንድ ሰው ነው፣ መንገዱ ሲዘጋ የሚራበው ሌላ ሰው ነው።

ለመሆኑ ያ መንገድ ዛሬ ባዶ ነው? አይደለም። በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ልጆች አሉ። ከወረባቦ፣ ከቃሉ፣ ከሐብሩ የተነሱ፣ ደላላ የሚመራቸው፣ ገሚሱን መንገድ በእግራቸው የሚያቋርጡ። መድረሻቸው ኦቦክ፣ ከዚያ ባሕሩ፣ ከዚያ የመን፣ ዕድል ከቀናቸው ሳዑዲ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ የነበሩ ወገኖቻችን ጠረፉ ሊደረስ ጥቂት ሲቀረው ጀልባቸው ሰጥሞ ረግፈዋል። ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና የመን በእነዚህ ልጆች ጉዳይ አብረው የሚሠሩት ሥራ ቢኖር አብዛኛው ሬሳ መቁጠር ነው። ከሁሉም በደንብ ተቀናጅቶ፣ ድንበር ሳያግደው፣ በሦስት አገር ሒሳብ እየያዘ የሚሠራው ደላላው ነው። የቴክኒክ ትብብር የገባው እሱ ብቻ ሆነና አረፈው!

የኮምቦልቻውን ጨዋታ መጨረሻ አልነገርኳችሁም። ሦስተኛው፣ በረካው ተቀድቶ ሳለ ጎማው ተጠግኖ አለቀና ረዳቱ ተነሳ። ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣

«ጋሼ፣ አሁን ቡሬ ቢከፈት ይሄዳሉ?» አላቸው።

«ማን ፈርሞ?»

«መሪዎቹ ናቸዋ።»

«እነሱማ ፊትም ፈርመው ነበር» አሉና ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ጉምሩኩና ባንኩ የፈረሙ ለታ ና ንገረኝ። ያኔ ጡረታዬን ትቼ እነዳለሁ።»